በዓል ሲሆን እልልታ፣ ሰልፍ ሲሆን ሱቅ መዝጋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

እኛ ወሎ ስለ በዓልና ስለ ሰላማዊ ሰልፍ የምናወራው ነገር ግርም ይለኛል፣ ሁለቱም ያው አንድ አስፋልት ላይ ነው የሚወጡት ግን ለአንዱ እንመርቃለን ለሌላው ልጆቻችንን ቤት እንቆልፍባቸዋለን።

«ሰልፈኛ መንገድ ዘግቶ ሰው ያጉላላል።» እሺ ይዘጋል። ታቦት ሲወርድስ? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ አገሩ ሁሉ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሲጨፍር ማን ነው ፈቃድ አላችሁ ወይ ያለው? የሰርግ አጀብ ደሴ ፒያሳን ሲይዘው እኮ ባለ ባጃጁም ክላክስ እያደረገ ያጅባል። የድጋፍ ሰልፍ ሲሆንማ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ይሰለፋል፣ ተጉላላሁ የሚል የለም። ስለዚህ የሚያናድደን የመንገዱ መዘጋት አይደለም ማለት ነው።

«ያለ ፈቃድ ሰልፍ መውጣት ወንጀል ነው።» ይሄን የተማረውም ይለዋል። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 30 ላይ መሳሪያ ሳይዙ በሰላም መሰለፍ መብት ነው ይላል፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ የሚጠይቀው ማሳወቅ ነው፣ ከ48 ሰዓት በፊት በፅሁፍ። አስተዳደሩ ቦታ ወይ ሰዓት ቀይሩ ማለት ይችላል፣ እሱንም ምክንያቱን ፅፎ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ጭራሽ አትውጡ ማለት ግን አይችልም። መሬት ላይ ያለውን እናውቀዋለን፣ ተዉት።

«በዓል ሰላም ነው፣ ሰልፍ ደም ነው።» ወልድያን ረሳችሁት እንዴ? ጥር 12 ቀን 2010 ቃና ዘገሊላ ነበር፣ ወጣቱ ታቦት እያጀበ ነበር፣ የመንግስትን ስም የሚነካ ዜማ ተሰማ ተብሎ የፀጥታ ሃይል ተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ሰልፍ አልነበረም፣ በዓል ነበር። በ2004 የተጀመረው የሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» ተቃውሞ ደግሞ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሲካሄድ አንዳንዴ ትንፍሽ የሚል አልነበረም፣ እጅ አጣምሮ ቆሞ መበተን ብቻ።

«በዓልና ተቃውሞ አይገናኙም።» ኧረ ባካችሁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለሙስሊሙ መብት ወጣ፣ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የኛም በዓላት በአገር ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ኢድም ሆነ መውሊድ ሰራተኛው ቢሮ የሚገባበት ተራ ቀን ነበር። ንጉሡ አዲሱ ዓመት በገባ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ሄዱ፣ ደርግ መጣና ኢድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን የህዝብ በዓል አደረጋቸው። ዛሬ እዚሁ ወሎ ጀማ ንጉሥ ላይ በድቤና በመንዙማ ሌሊቱን የምናነጋለት፣ ቢሮ የሚዘጋለት መውሊድ አስፋልት ላይ ወጥተው ከጠየቁ ሰዎች የመጣ ነው።