«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም»፦ ስለ ሰንበሌጥና ድንጋይ ስለ ሆነው ስላብ

በሜሪላንድ በምትኖረው እህቴ ቤት ባለፈው ቅዳሜ ቡና እስኪፈላ ስንጠብቅ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ከኮምፒውተሩ ፊት ድንገት ጮኸ። አብሮት ማይንክራፍት የሚጫወት ጓደኛው የግምጃ ቤቱን ወለል አስተካክላለሁ ብሎ አንዱን ስላብ በመጥረቢያ ሰብሮበት ነበር፤ ስላቡ ከቦታው ጠፋ፣ እንደ ደንቡ ወድቆ የሚለቀመው ቁራጭ ግን አልተገኘም። አባቱ ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ተወው፣ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» አለው። ልጁ ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠይቅም «ያለፈውን እርሳው ማለት ነው» የሚል መልስ አገኘ። እንግዳ ነኝና ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ ሆኖም ይህ አባባል ለትክክለኛ ፍችው ይህን ያህል ቀርቦ ሲስት ሰምቼ ስለማላውቅ አልቻልኩም።

የተሰበረው ተራ ዕቃ አልነበረም። ስላብ በዚህ የብሎክ ግንባታ ጨዋታ ውስጥ የአንድ ብሎክ ግማሽ ቁመት ያለው፣ ለወለልና ለጣሪያ የሚሆን ንጣፍ ነው። ጨዋታው ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በወጣው ቤታ 1.3፣ ከጣውላ የሚሠራ ስላብ ተጨመረ፤ ይሁን እንጂ በፕሮግራሙ ውስጥ የተመዘገበው ከድንጋይ ስላቦች ጋር በአንድ መለያ ቁጥር፣ በ44፣ ሥር ስለ ነበረ ፊቱ የኦክ ጣውላ፣ ጠባዩ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። እሳት አይበላውም፤ በዶማ ካልተመታም ተሰብሮ ይጠፋል እንጂ ለሰባሪው ምንም አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 የወጣው የጨዋታው እትም 1.3.1 የሚቃጠለውን እውነተኛ የእንጨት ስላብ አመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጣውላ ደርድሮ ስላብ የሚሠራ ሁሉ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። አሮጌው ግን አልተሻረም። በየሰዉ ሣጥንና ግድግዳ እንደ ነበረ ተተወ፤ በ2018 በወጣው 1.13 ላይም «ፔትሪፋይድ ኦክ ስላብ»፣ ማለትም ድንጋይ የሆነ የኦክ ስላብ፣ የሚል የራሱ ስም ወጣለት። በኮማንድ፣ ማለትም ለጨዋታው በጽሑፍ በሚሰጥ ትእዛዝ፣ ካልተጠራ በቀር አዲስ ማግኛ መንገድ የለውም። የእህቴ ልጅ ይህን ዓለም የወረሰው ከታላቅ ወንድሙ ሲሆን፣ ታላቁ በ2011 ያነጠፈው የግምጃ ቤት ወለል በሙሉ የዚያ ዘመን ስላብ ነው። ጓደኛው እንጨት አየና መጥረቢያ መዘዘ፤ ማን ይፈርድበታል?

ወደ ተረቱ ልመለስ። አያቴ በጎጃም ገጠር ጎጆ በመክደን የታወቁ ሰው ነበሩ። ሰንበሌጥ የሚባለው ሣር በክረምቱ ዝናብ ከሰው ቁመት በላይ ያድግና ጥቅምት ሲገባ ቀለሙ ወደ ወርቅማ ይዞራል፤ የሚታጨደውም ያን ጊዜ፣ ጠሉ ከረገፈ በኋላና ከብት ሳይለቀቅበት ነው። ከታጨደ በኋላ ይታሠርና ቤቱ እስኪማገር ድረስ ከዝናብም ከምስጥም ርቆ ይከመራል። የክዳኑ ዕለት ደቦው ተሰብስቦ ሣሩን ከግርጌ ጀምሮ ወደ ጉልላቱ እየደራረበ በልጥና በሐረግ ከማገሩ ጋር ሲያስር፣ እኔና የአክስቴ ልጆች ሸክሙን ከክምሩ እየጎተትን ለአያቴ እናቀርብ ነበር። እርሳቸው ከእያንዳንዱ ሸክም አንዲት አገዳ ይመዙና በጠቋሚ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሟታል። ሳትሰበር ከዞረች ሸክሙ ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ቀጭ ካለች ግን «ይህ የአምናው ነው» ይሉና ለእሳት መለኮሻ ወደ ጓሮ ያስወረውሩታል። ሳይታጨድ አንድ በጋ ቆሞ ያሳለፈ ሣር ሲያዩት እንደ ደህናው ነው፤ ሲይዙት ክብደት የለውም፣ ሲያጥፉት ይሰበራል፣ ቢከድኑበትም ውኃ ያሳልፋል።

አንድ ዓመት በሚያዝያ፣ በጥቅምት አጨዳ ያልታየ ጎረቤት መጥቶ፣ በወንዙ ዳር ቆሞ የቀረ ሰንበሌጥ ስላለው ቤቱን እንዲከድኑለት ለመናቸው። አያቴ አብረውት ወርደው ሳይ፣ ከቆመው ሣር አንዲቱን ነቅለው እዚያው ጣታቸው ላይ ጠመጠሟት። ተሰበረች። ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ እርሳቸውም «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ ልጄ» አሉት። በዚያ ዓመት ክረምቱን ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ ማድጋውና ገበታው ለጠብታ መቀበያ በየጥጉ ተደርድሮ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ይህ ንግግር ማጽናኛ አልነበረም። ተግሣጽ ነበር፤ ተግሣጹም ሣሩ ለምለም በነበረበት ጊዜ ማጭድህ የት ነበር የሚል ነው።

የእኔ እምነት የአባባሉ ምስጢር ያለው በ«ባለፈ» መነሻ ላይ በተጨመረችው «በ» ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚረዳት እንደ ጊዜ አመልካች፣ «በክረምት ይዘንባል» እንደሚባለው ነው። ግን በዚህ መንገድ ካነበብነው ተረቱ ትርጉም ያጣል፤ ምክንያቱም ቤት በየትኛውም ክረምት፣ ባለፈውም በያዝነውም፣ አይሠራም። ጭቃው አይደርቅም፣ ማገሩ ይሻግታል፣ ደቦውም በእርሻና በአረም ተጠምዷል። የቤት ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ስለዚህ «በ» የጊዜ ሳትሆን የመሥሪያው ናት፤ «በጭቃ ይመረጋል»፣ «በሣር ይከደናል» እንደምንለው ሁሉ ያለፈው ክረምት ራሱ የግንባታ ዕቃ ሆኖ ተቆጥሯል። ክረምት ሣር ይሰጣል፤ የሰጠውን በጊዜው የሰበሰበ ይከድንበታል፣ ያልሰበሰበ ደግሞ በቀረው ሊከድን አይችልም። እንዲያውም አባባሉ የወጣው ከከዳኞች አፍ፣ ምናልባትም ልክ እንደ አያቴ አገዳ በጣቱ ከሚሞክር ሰው ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ለዚህ ያለኝ ማስረጃ ያቺ የተሰበረች አገዳ ብቻ መሆኗን ባልክድም። ዝናብ ሲወርድበት ቤት እሠራለሁ ብሎ ምሎ ፀሐይ ሲወጣ ለሚዘነጋ ሰው የተነገረ ነው የሚሉም አሉ። ያ ፍች የስንፍናውን ነገር በትክክል ይዟል፣ ሣሩን ግን ጥሎታል።

እንግዲህ የልጁ ግምጃ ቤት ከሰንበሌጡ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ በ2011 ጣውላ ደርድሮ ስላብ ሲሠራ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር፤ ሳያውቀውም ቢሆን አጨደ፣ ከመረ፣ ከደነበት። ዛሬ ያ ወለል ያለው ሰው ያለፈውን የማይረሳ ግትር ተብሎ ሊታማ አይገባም፤ በጊዜው የሰበሰበ ነው። ያልሰበሰበው ደግሞ የአያቴ ጎረቤት ነው፤ ዛሬ ከጣውላ የሚሠራው ስላብ ከአሮጌው ጋር አንድ መልክ ቢኖረውም እሳት ሲነካው ይነዳል።

ያለፈን ክረምት መስረቅ የሞከሩም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 1.12 ላይ ተጫዋቾች በተለምዶ የማይገኙ ብሎኮችን ከአሸዋ የሚያወጡበት ግሊች፣ ማለትም የፕሮግራም ስሕተት፣ ነበር። ቢከን ከሚባለው ብርሃን ሰጪ ብሎክ በላይ ባለ ቀለም መስታወት ሲቀመጥ ወይም ሲነሣ ጨዋታው የብርሃኑን ቀለም የሚያጣራው ከዋናው ሥራ ተለይቶ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር ነበር፤ ጥበበኞቹ በዚያ መስመር ላይ አሸዋ እንዲናድ አደረጉ። አንዱ መስመር «ይህ አሸዋ ነው፣ ይውደቅ» ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ገና ሳያነሣው ሌላው መስመር በዚያው ቦታ ሌላ ብሎክ ይተካበታል፤ የሚወድቀውም የተተካው ይሆናል። በገበያ ጆንያው ተመዝኖ ሒሳብ ሲከፈል ዘወር ባሉበት ቅጽበት እንደሚለወጥ ነው። ቀዳዳው በ2018 በ1.13 ተደፈነ፤ እናም ይህ ራሱ ሌላ ያለፈ ክረምት ሆነ። ድካማቸውን አደንቃለሁ፤ ቢሆንም አያቴ ይህን ቢያዩ ሣሩን ከየት እንዳመጡት ሳይጠይቁ አይከድኑላቸውም ነበር።

መሰብሰብም ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 1.7.2 ቀዩ ጽጌረዳ ወደ ፖፒ አበባ ሲለወጥ፣ በሣጥን ተጠብቆ የቆየው ጽጌረዳ ሁሉ ዓለሙ ሲከፈት ፖፒ ሆኖ ተገኘ፤ ምስጥ ክምሩ ውስጥ እንደ ገባበት ሰው ማለት ነው። በስልክ በሚጫወቱት ፖኬት ኤዲሽን ደግሞ በ6 የብረት ዘንግና በ3 አልማዝ የሚሠራው የኔዘር ሪአክተር እምብርት፣ በ2015 እውነተኛው ኔዘር፣ የጨዋታው የእሳት ዓለም፣ ሲመጣ ሥራውን አቆመ፤ በአሮጌ ዓለሞች ውስጥ እንደ ተቀመጠ ቀርቷል፣ ውኃው እንደ ደረቀበት ወፍጮ።

ዛሬ አባባሉን የምሰማው በአብዛኛው ሰውን ዝም ለማሰኘት ነው። ድርሻውን የሚጠይቅ ወንድም፣ የተበደረውን እንዲመልስ የሚለመን ዘመድ ፊት፣ ፍርድ ያልተሰጠበት ነገር በተነሣ ቁጥር «ኧረ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይባላል፤ የሚናገረውም ብዙውን ጊዜ ሣሩን የበላው ሰው ራሱ ነው። ምናልባት ከቆርቆሮ ሥር ስላደግን ይሆናል፤ ቆርቆሮ በየትኛውም ወር ከሱቅ ይገዛል። የእህቴ ባል ግን ሰንበሌጥ ሲታጨድ እያየ ያደገ ሰው ነው፤ እርሱ ይህን ሲስት ማየቴ አስቆጣኝ ማለት ባይሆንም ቡናዬን አቀዘቀዘብኝ።

ልጁ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማ በኋላ የቀሩትን ስላቦች አንድ በአንድ ቆጠረ፤ 86 ሆኑ። ከዚያ ከግምጃ ቤቱ በር አጠገብ ሰሌዳ አቁሞ በአማርኛ ሊጽፍበት ፈለገና «ዶማ» እንዴት እንደሚጻፍ አባቱን ጠየቀው። አባትየውም ስኒውን አስቀምጦ ተነሣና ከጎኑ ተቀመጠ፤ «በዶማ ብቻ» የሚለውን ሁለት ቃል ሲጽፉ ሦስተኛው ቡና ደረሰ።