ፐርሴባያ ሱራባያ፦ የከተማው ቡድንና የስሙ ባለቤትነት

ፐርሴባያ በኢንዶኔዥያ የምሥራቅ ጃቫ ግዛት ርዕሰ ከተማ በሆነችው ሱራባያ የሚገኝ ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ክለብ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1927 ሲሆን ማሊያው አረንጓዴ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። የቅጽል ስሙ «ባጁል ኢጆ»፣ አረንጓዴው አዞ፣ የመጣው ከከተማዋ አርማ ነው። አርማው ላይ ሻርክና አዞ ተፋጥጠው ይታያሉ፤ ሕዝቡም የከተማዋን ስም «ሱራ» እና «ባያ» ብሎ ከፍሎ ከሁለቱ አውሬዎች ጋር ያያይዘዋል።

ፐርሴባያ ሲመሠረት የከተማው ትንንሽ ክለቦች ማኅበር ነበር። በኔዘርላንድ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ደቾቹ የራሳቸው የእግር ኳስ ማኅበር ስለነበራቸው፣ ፓይጆ እና ኤም. ፓሙጂ የተባሉ ሰዎች የአገሬውን ተወላጆች ክለቦች አሰባስበው በደችኛ ምህጻሩ ኤስ.አይ.ቪ.ቢ. የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር ኤፕሪል 19 ቀን 1930 በዮግያካርታ ከሌሎች ስድስት የከተማ ማኅበራት ጋር ሆኖ የኢንዶኔዥያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፒ.ኤስ.ኤስ.አይ.ን፣ መሠረተ። ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ ፐርሴባያን ከአባልነት የሰረዘው ይኸው ፌዴሬሽን መሆኑ ደጋፊዎችን እስከ ዛሬ የሚያንገበግብ ነገር ነው። በ1943 የደችኛው ስም ቀርቶ «ፐርሲባያ» ተባለ፤ ቆይቶም የዛሬውን ስያሜ ያዘ።

«ፐርሰሪካታን» በሚባለው የከተሞች ውድድር ዘመን አሠራሩ ቀላል ነበር። የአባል ክለቦቹ ተጫዋቾች በከተማው የውስጥ ውድድር ይፋለማሉ፤ ከመካከላቸው የተመረጡት የፐርሴባያን ማሊያ ለብሰው ለከተማው ይሰለፋሉ። በዚህ መንገድ በ1951፣ በ1952 እና በ1978 ሻምፒዮን ሆነ።

አራተኛው ዋንጫ፣ የ1988ቱ፣ ጥላ ያረፈበት ነው። በ1987 ፍጻሜ የሰማራንጉ ፒ.ኤስ.አይ.ኤስ. 1 ለ 0 አሸንፎት ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ፐርሴባያ የራሱን ማለፍ ካረጋገጠ በኋላ በሜዳው በፓፑዋው ፐርሲፑራ 12 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዓላማው ፐርሲፑራ አልፎ ፒ.ኤስ.አይ.ኤስ. ከውድድሩ እንዲወጣ ነበር። ኢንዶኔዥያውያን ይህን ጨዋታ «የዝሆን እግር ኳስ» ይሉታል። ፐርሴባያ በፍጻሜው ፐርሲጃ ጃካርታን 3 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። የዋንጫው ትክክለኛነት በመዝገብ አልተሰረዘም፤ ጨዋታው ግን እንደ ነውር ይታወሳል፣ ተገቢም ነው።

ፐርሰሪካታን እና ጋላታማ የተባለው ከፊል ፕሮፌሽናል ሊግ በ1994 ሲዋሃዱ የኢንዶኔዥያ ሊግ ተፈጠረ። ፐርሴባያ በአሰልጣኝ ሩስዲ ባሃልዋን እየተመራ በ1997 ፍጻሜ ባንዱንግ ራያን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ብራዚላዊው አጥቂ ጃክሰን ቲያጎም የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በ2002 ቡድኑ ወረደ፣ በ2003 ተመልሶ አደገ፣ በ2004 ደግሞ ጃክሰን አሰልጣኝ ሆኖ ዋንጫውን በድጋሚ አመጣ። በመጨረሻው ቀን ፐርሲጃን 2 ለ 1 አሸንፎ ከፒ.ኤስ.ኤም. ማካሳር ጋር በ61 ነጥብ እኩል ሆነ፤ የለያቸው የግብ ክፍያ ነው። የኢንዶኔዥያን ሊግ ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ክለብም ሆነ። በዓመቱ ግን በስምንቱ ቡድኖች ዙር ከጨዋታ ራሱን በማግለሉ ተቀጥቶ እንደገና ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረደ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2010 ክለቡ ለሁለት ሲከፈል ነው። አንደኛው ወገን ፌዴሬሽኑ ያልፈቀደውን አዲስ ሊግ ተቀላቅሎ «ፐርሴባያ 1927» ተባለ፤ ሌላው ወገን ደግሞ በዚያው በፐርሴባያ ስም በፌዴሬሽኑ ውድድር ቀጠለ። አብዛኛው ደጋፊ የቆመው ከመጀመሪያው ጋር ነው። ፌዴሬሽኑ በ2013 ይህን ቡድን ከውድድር ሲያስወጣው ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ደጋፊው ግን ሌላኛውን ቡድን ለማየት ስታዲየም መግባት አልፈለገም። ነገሩን የለወጠው ፍርድ ቤት ነው፤ የስሙና የአርማው ባለመብት ከ1927ቱ ቡድን ጀርባ ያለው ፒቲ ፐርሴባያ ኢንዶኔዥያ የተባለው ኩባንያ መሆኑ በ2016 ተወሰነ። ሌላኛው ቡድን ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ በመጨረሻ ከፖሊስ ቡድን ጋር ተዋሃደና ባያንካራ ሆነ። በዚያው ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ወደ ጃካርታ ዘምተው በፌዴሬሽኑ ጉባኤ ደጃፍ ጮኹ። የክለቡ አባልነት የተመለሰው በጃንዋሪ 2017 ባንዱንግ ላይ በተደረገው ጉባኤ ነው።

ከዚያ የጃዋ ፖስ ጋዜጣ ድርጅት 70 በመቶውን ድርሻ ገዛ፤ 30 በመቶው የነባሮቹ አባል ክለቦች የኅብረት ሥራ ማኅበር እጅ ቀረ። የጥንቱ ማኅበር አሻራ በአክሲዮን መልክ የተረፈው እዚህ ላይ ነው። ፐርሴባያ በዚያው 2017 በሁለተኛው ሊግ ፍጻሜ ፒ.ኤስ.ኤም.ኤስ. ሜዳንን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረትቶ ሻምፒዮን ሆኖ አደገ። የከፍተኛው ሊግ ዋንጫ በዚያ ዓመት የባያንካራ ነበር። በ2019 ፐርሴባያ ከባሊ ዩናይትድ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ደጋፊዎቹ «ቦኔክ» ይባላሉ፤ «ቦንዶ ኔካት» ከሚለው የጃቫ አባባል የወጣ ሲሆን፣ ስንቁ ድፍረቱ ብቻ የሆነ ሰው ማለት ነው። ባዶ ኪስ ሆኖ ከጭነት መኪና ጭነት መኪና እየተንጠላጠሉ ቡድንን መከተል የቆየ ልማድ ነው፤ በባቡር ጣቢያዎች የተነሱ የድንጋይ ውርወራዎችም ስማቸውን ለረጅም ጊዜ አጉድፈውታል። ዋነኛው ባላንጣ የማላንጉ አሬማ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2022 በካንጁሩሃን ስታዲየም ፐርሴባያ 3 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ የአሬማ ደጋፊዎች ሜዳ ሲገቡ ፖሊስ ወደ ተመልካች መቀመጫ ጭምር አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ሕዝቡ በጠባቦቹ መውጫ በሮች ተፋፍጎ 135 ሰዎች ሞቱ። ቦኔኮች እንዳይገቡ አስቀድሞ ተከልክለው ስለነበር የሁለት ደጋፊዎች ግጭት አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ በስህተት እንደዚያ ይነገራል።

የቀድሞው ሜዳ በታምባክሳሪ የሚገኘው «ኖቬምበር 10» ስታዲየም ነው፤ ስያሜው በ1945 ከተማዋ ከብሪታንያ ጦር ጋር ያደረገችውን ውጊያ ያስታውሳል። የአሁኑ ጌሎራ ቡንግ ቶሞ ደግሞ በ2010 ተከፍቶ የዚያን ውጊያ ቀስቃሽ ሱቶሞን ስም ይዟል። ከከተማው ምዕራባዊ ዳር በቤኖዎ የቆሻሻ ማራገፊያ አጠገብ ስለተሠራ ሽታው ለዓመታት አከራክሯል። የ2023ቱ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተከፈተው እዚያ ሲሆን፣ ቀኑም ኖቬምበር 10 ነበር።