«እግዜር ካለ እመጣለሁ» ስንል

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አባባል ነው። «እግዜር ካለ።»

ባለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ አክስቴ ደወለች። የልጅ ልጇ ልደት ነው፣ እሑድ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይሰበሰባል፣ እንዳትቀር። እኔ ደግሞ ጭራሽ ልሄድ አላሰብኩም፤ ደክሞኛል፣ ከአንድ ዘመዴ ጋርም ተኳርፈናል። ግን «እግዜር ካለ አልቀርም» ብዬ ዘጋሁት። እሑድ ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ሐይቅ ዳር ስንሸራሸር ዋልኩ።

ማክሰኞ በደጇ ሳልፍ ጠርታ አስገባችኝ። ከፍሪጅ በሰሐን የተከደነ ምግብ አወጣች። ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥግ ላይ ዓሣ ጥብስ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ለእኔ ብላ ለብቻ ያስቀመጠችው ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለዛሬ እንለፈው፣ ሐዋሳ ላይ ይሄ ክርክር ከተነሣ ማለቂያ የለውም።) «አንተ ልጅ፣ አልመጣም ብትለኝ እኮ ልጆቹ ይበሉት ነበር» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እግዜርማ ብሎ ነበር። ያላልኩት እኔ ነኝ።

ያዕቆብ «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ያለን (ያዕ. 4፥15) ነገ በእጃችን እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው። እኛ «አልመጣም» ማለት አፍረን ስሙን መሸፈኛ አደረግነው። ስሙን በከንቱ አትጥራ የሚለው ትእዛዝ ለመሐላ ብቻ ይመስለን ነበር አይደል? ሉቃስ 14 ላይ ከእራት የቀሩትን ተመልከቱ። አንዱ መሬት ገዛሁ፣ ሌላው አምስት ጥማድ በሬ ገዛሁ፣ ሦስተኛው ሚስት አገባሁ አለ። መሬት ሳያይ የሚገዛ ማን ነው? እነሱ ግን ቢያንስ በእግዜር አላሳበቡም።

ሁሉም ግብዣ ላይ ተገኙ እያልኩ አይደለም። (ልቅሶ ሌላ ነው፣ እሱ አይቀርም።) መጠጥ ለመተው የሚታገል ሰው «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ከሚባልበት ቤት ቢቀር ልክ ነው። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ ሰንባላጥና ጌሳም አራት ጊዜ ጠርተውት አራት ጊዜም ያንኑ መልስ ነው የመለሰው፤ ሥራ ላይ ነኝ፣ አልወርድም። እርግጥ ዘመዶቻችን ሰንባላጥና ጌሳም አይደሉም፣ ስለዚህ እንደሱ መልእክተኛ መላክ አይበቃም። ራስህ ደውል። በቴሌግራም ስቲከር ልኮ መቅረት ነውር ነው። ምክንያት አትደርድር፤ «እማማ፣ ይቅርታ፣ አልችልም፣ በዚህ ቀን ግን እመጣለሁ» በል። ያልከውን ቀን ደግሞ አትብላው።

ዘንድሮ አክስቴ ለታኅሣሥ 19 ጠራችኝ። የገብርኤል ዕለት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እኔም ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አለኝ። «አልችልም፣ በሳምንቱ ልምጣ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«እሺ፣ ቡና አፈላለሁ» አለችኝ። «ያንን ያኮረፍከውንም እጠራዋለሁ።»