የጥቅል መከታተያ ቁጥር ምንድን ነው?

ፖስታ ቤት በመዝገብ ተቀብሎ በፊርማ የሚያስረክበው ደብዳቤ በአማርኛ የአደራ ደብዳቤ ይባላል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሪኮማንዴ ይሉታል። ስያሜው ደስ ይለኛል። አደራ የሰጠ ሰው ዓይኑን ከዕቃው ላይ ያነሳል፤ የቀረው አደራውን የተቀበለው ሰው ሥራ ነው። የመከታተያ ቁጥር ደግሞ ዓይኑን ማንሳት ላልሆነለት ሰው የተሠራ ነው።

ከአገር ወደ አገር በፖስታ በሚጓዝ ጥቅል ላይ የሚለጠፈው ቁጥር አሥራ ሦስት ምልክቶች አሉት። በመጀመሪያ የአገልግሎቱን ዓይነት የሚናገሩ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ስምንት አሃዞች፣ ከዚያ ቁጥሩ ሲጻፍ ስህተት አለመግባቱን የሚፈትሽ አንድ ማረጋገጫ አሃዝ፣ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ይገኛሉ። ቅርጹን የደነገገው በ1874 በበርን ከተማ የተመሠረተውና ኢትዮጵያ በ1908 አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ነው (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ማረጋገጫው አሃዝ በዘፈቀደ አይሰጥም። ስምንቱ አሃዞች በየተራ በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ የሚተርፈው ከ11 ይቀነሳል። 10203040ን ብንወስድ ድምሩ 61፣ ቀሪው 6፣ ማረጋገጫው 5 ይሆናል። ውጤቱ 10 ቢመጣ 0፣ 11 ቢመጣ 5 ይጻፋል።

አንባቢን በስሌት ያደከምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀመሩን ማንም ሊያውቀው ይችላል፤ ቁጥሮቹም ብዙውን ጊዜ በተርታ ይሰጣሉ። እኔን ካስተናገደ በኋላ ሠራተኛው ከኋላዬ ለቆመው ሰው ተከታዩን ቁጥር ቢለጥፍለት፣ የዚያን ሰው ቁጥር በወረቀትና በእርሳስ ላገኘው እችላለሁ። ቁጥሩ ጥቅልን ከጥቅል ለመለየት እንጂ ምስጢር ለመጠበቅ አልተሠራም። እንደ ይለፍ ቃል የምንሳሳለት ነገር በእውነቱ የመኪና ታርጋ ነው።

ስለዚህም ቁጥሩ በፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሲጻፍ የሚከፈተው ገጽ ቁጥብ ነው። ጥቅሉ የት ከተማ፣ በየትኛው ቀን እንደተመዘገበና እንደደረሰ ይናገራል፤ ስምና የቤት ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ አያወጣም። (ጥቅሉ አሁን የት እንዳለም አይናገርም። የሚያሳየው ቁጥሩን በመስመሮች የያዘው ባርኮድ መጨረሻ የተነበበበትን ቦታ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ዝም ቢል ጠፋ ማለት አይደለም።)

አጭበርባሪው ጎጆውን የቀለሰው በዚህ ቁጥብነት ውስጥ ነው። አንድ ሰው በኢንተርኔት ዕቃ ይገዛል። ሻጩ ዕቃውን አይልክም፤ ገዢው ባለበት ከተማ ለሚኖር ለማያውቀው ሰው ባዶ ፖስታ ይልክና የዚያን ፖስታ የመከታተያ ቁጥር ለገዢው ይሰጠዋል። ከቀናት በኋላ ገጹ «ደርሷል» ይላል። አልዋሸም፤ የደረሰው ግን ለሌላ ሰው ነው። ገዢው አቤት ሲል ሻጩ ገጹን ያሳያል፣ ከተማው ይገጥማል፣ ገዢው ውሸታም ይሆናል። የተበደለውን ሰው የሚያድነው አንድ መረጃ፣ ማለትም የቤት ቁጥሩ፣ ለሰዎች ደኅንነት ተብሎ የተሸሸገው መረጃ ነው።

ታዲያ ሙሉ አድራሻው ይታይ? እኔ አይመስለኝም። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ ቤት የቀየረች ሴት ጥቅል ሲላክላት ቁጥሩ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አስቡት። በኔዘርላንድስ ፖስታ ቤቱ ከቁጥሩ ጋር የተቀባዩን አድራሻ የፖስታ ኮድ ይጠይቃል፤ ፍጹም ባይሆንም በርን ገርበብ አድርጎ እንደ መተው ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ጥያቄውን መለወጥ ነው። ፖስታ ቤቱ አድራሻውን ያውቀዋል። «ይህ ጥቅል የደረሰው እርስዎ አድራሻ አይደለም» ብሎ በጽሑፍ ለማረጋገጥ የሌላውን ሰው ቤት መግለጥ አያስፈልገውም። ስለዚህ እንዲህ የተታለለ ሰው «ለማን ደረሰ?» ብሎ ከሠራተኛ ጋር ከሚጨቃጨቅ «ለእኔ ደርሷል?» ብሎ ይጠይቅ።

ደግሞም ብዙው ገመና ያለው ገጹ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። ለጉምሩክ የሚሞላው ቅጽ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ዕቃና ዋጋውን ከላኪና ከተቀባይ ስም ጋር ይዞ ጥቅሉ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል። ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ የኅብረቱ አባል አገሮች ይህንኑ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ አስቀድመው እንዲልኩ ግዴታ ተጥሏል፤ ጥቅሉ ሳይደርስ ወሬው ይደርሳል።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያቀለው የፖስታ ሳጥን ነበር። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ይመጣል እንጂ ፖስታው ቤቱ አይሄድም፤ አድራሻው ቁጥር ብቻ ነው። ሳጥን የሌለው ሰው ግን ዛሬ በአድራሻ ፋንታ ስልክ ቁጥሩን ያስጽፋል፤ ለብዙዎቻችን ስልክ ቁጥር የሞባይል ገንዘብ ሂሳብም ነው። እኔ ከቤት ቁጥሬ ይልቅ እሱ ሲገለጥ እጨነቃለሁ።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ «ሰው ሲሄድ እልክላችኋለሁ» የሚሉ ዘመዶች ከዚህ ሁሉ ያመለጡ ይመስላቸዋል። እውነት ነው፣ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ባርኮድ የለውም። መንገደኛዋ ግን በአውሮፕላን ጣቢያ ተጠያቂዋ እሷ ናትና ጥቅሉን ፈትታ ማየት አለባት፤ ደግሞም ትክክል ናት። የእናታችንን የስኳር መድኃኒትና የእህታችንን የውስጥ ልብስ አንድ በአንድ ቆጥራ ታስገባዋለች፤ አዲስ አበባ ስትደርስም ማን ምን እንደታመመ ታውቃለች። የፖስታ ሠራተኛ ቢያንስ ሰፈራችን ለቅሶ አይደርስም።

ቁጥር የሌለው ጥቅል እንዲህ ከሆነ፣ ቁጥር ያለውን በሚገባ መያዝ ነው። «ጥቅልዎ ተይዟል፣ ይህን ተጭነው ክፍያ ይፈጽሙ» የሚል የስልክ መልእክት ሲመጣ ማስፈንጠሪያውን ትቶ ደረሰኝ ላይ ያለውን ቁጥር በፖስታ ቤቱ ገጽ ላይ በእጅ መጻፍ ይበቃል። የደረሰ ዕቃን ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉ ሰዎችም ስማቸውን በጣት ሸፍነው ባርኮዱን ይተዉታል። ባርኮድ ደግሞ ከፎቶ ላይ በስልክ ካሜራ ይነበባል።