«ጠንካራውን ስጠኝ»፦ ስለ ካራቢነርና ክዊክድሮው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተራራ መውጫ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ስሠራ፣ አለት መውጣት የጀመሩ የአገሬ ልጆች መደርደሪያው ፊት ቆመው መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ከእነዚህ ጠንካራው የትኛው ነው?» ካራቢነሩን፣ ማለትም ገመድን ከመያዣ ጋር የሚያገናኘውን በር ያለው የብረት ቀለበት፣ ገልብጠው ጀርባው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያነባሉ፤ 22 የሚለውን ወደ ቦታው መልሰው 25 የሚለውን ያነሳሉ። ቦልቱ (ቋሚው የብረት መያዣ) አስቀድሞ አለቱ ላይ ተተክሎ በሚጠብቅበት የስፖርት መውጫ ይህ ልማድ እምብዛም አይጎዳም። መሪው መያዣውን ራሱ ስንጥቅ ውስጥ እየሰካ በሚሄድበት በትራድ፣ እንዲሁም በረዶና አለት በሚፈራረቁበት በአልፓይን ግን ገንዘብንም ትኩረትንም ያለ ቦታው ያውላል።

«ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ካራቢነር ይበልጥ አስተማማኝ ነው»

ካራቢነሩ ላይ በኪሎኒውተን የሚጻፉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ ገዢው ግን የሚያነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው በሩ ተዘግቶ በቁመቱ ሲጎተት የሚችለውን፣ ሌሎቹ ደግሞ በወርዱ ሲጎተትና በሩ ክፍት ሆኖ ሲጎተት የሚችለውን ይናገራሉ። ኢኤን 12275 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት ለመደበኛ ካራቢነር የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ መጠን በቁመቱ 20 ሲሆን፣ በወርዱም ሆነ በሩ ክፍት ሲሆን 7 ነው። አንድ ኪሎኒውተን የ100 ኪሎ ገደማ ክብደት ስለሆነ፣ 20 ማለት ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል።

አሁን ከወደቀ ሰው የሚመጣውን ኃይል እንመልከት። የዓለም አቀፉ የተራራ መውጣት ፌዴሬሽን (ዩአይኤኤ) ነጠላ ገመድን የሚፈትነው 80 ኪሎ ክብደት እጅግ በከፋ አወዳደቅ በመጣል ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ እንኳ ኃይሉ ከ12 ኪሎኒውተን እንዲበልጥ አይፈቅድም፤ ተራራ ላይ በተለምዶ የሚያጋጥመው አወዳደቅ ከዚህ በብዙ ይለዝባል። ሆኖም ከሁሉም በላይ ያለው ካራቢነር የወደቀውን ሰውም የገመድ ያዢውንም ጉተታ በአንድነት ስለሚሸከም፣ ሰበቃው ከሚቀንሰው በኋላ የሚያርፍበት ኃይል ለወደቀው ሰው ከሚሰማው 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። ሰውየው 4 ኪሎኒውተን ከተሰማው ካራቢነሩ ከ6 በላይ ይዟል። ይህን ስድስት ከ20 ጋር ያስተያየ ሰው ዘና ብሎ ይተኛል፤ ከ7 ጋር ያስተያየ ግን እንቅልፍ ያጣል። በሩ ተዘግቶ በቁመቱ የተጎተተ ጤነኛ ካራቢነር በመውደቅ አይሰበርም፤ የሚሰበረው በሩ ሲከፈት፣ አግድም ሲዞር፣ ወይም በአፍንጫው ሲንጠለጠል ነው። በ22 እና በ25 መካከል ያለው ልዩነት ከእነዚህ ለአንዱም መድኃኒት አይሆንም።

«በሩ ራሱን ይዘጋል፣ እንዴት ይከፈታል?» ለሚለኝ ሰው ንግግር አላበዛም። በሩ ድፍን ብረት የሆነ ካራቢነር አስይዤው ጀርባውን በመዳፉ ላይ ጠበቅ አድርጎ እንዲመታው አደርጋለሁ። ቀጭን «ጠቅ» ይሰማል፤ በሩ በራሱ ክብደት ተከፍቶ የተዘጋበት ድምፅ ነው። በመውደቅ ጊዜ ካራቢነሩ ከአለት ጋር ሲጋጭ፣ ገመዱም በፍጥነት እየሮጠ ሲያንቀጠቅጠው የሚሆነው ይኸው ነው፤ ኃይሉ በዚያች ቅጽበት ካረፈ የሚሠራው ቁጥር ሦስተኛው ነው። ከሽቦ የተሠራ በር ክብደቱ ስለሚያንስ ይህ እምብዛም አይደርስበትም። ሽቦ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትራድና አልፓይን የሚወጡ ሰዎች ምርጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በተጨማሪም በረዶ የሚጋገርበት ድብቅ ቀዳዳ የለውም። አሁንም ሽቦውን አይተው «ይሄ ቀጭን ነገር ነው የሚይዘኝ?» የሚሉ አሉ። የሚይዘው ሽቦው ብቻውን አይደለም፤ አብዛኛውን ጫና የሚሸከመው የካራቢነሩ ጀርባ ነው።

አፍንጫው ደግሞ የባሰ ቸል የተባለ ጉዳይ ነው። የአንዳንዱ ካራቢነር አፍንጫ በሩን ለመያዝ እንደ መንጠቆ የተቆረጠ ነው። ይህ መንጠቆ የነትን (ስንጥቅ ውስጥ የሚሰካ የብረት ሽብልቅ) ሽቦ ወይም የቦልትን ቀለበት ሲነክስ ካራቢነሩ የገባ ይመስላል እንጂ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ በዚህ አኳኋን ከተጻፈበት ጥንካሬ አንድ አሥረኛውን እንኳ ሳይደርስ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ነትና ካም (ስንጥቅ ውስጥ በሞላ እየሰፋ የሚይዝ መያዣ) ለሚንጠለጠልበት ወገን አፍንጫው ለስላሳ የሆነ ይመረጥ። ሽቦ በርና ለስላሳ አፍንጫን አጣምሮ የሚይዘው ዓይነት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ተጨማሪ ገንዘብ መውጣት ካለበት ግን እዚህ ላይ ይውጣ። አንድ ደንበኛ ከ25 በላይ የተጻፈበትን፣ አፍንጫው ግን መንጠቆ የሆነውን ከባድ ካራቢነር መርጦ ሲከፍል፣ ሦስተኛውን ቁጥር እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። 7 ነበር። አጠገቡ የተሰቀለው ቀላል ካራቢነር 9 ይላል፣ ዋጋውም ያንሳል፤ ቢሆንም ከባዱን ይዞ ሄደ።

«የጂም ክዊክድሮው ለተራራም ይበቃል»

ክዊክድሮው ማለት ስሊንግ በተባለ የተሰፋ የጨርቅ ማሰሪያ የተያያዙ ሁለት ካራቢነሮች ነው። አጭርና ደረቁ ቦልት ላይ ሲሰቀል ጥሩ ነው፤ ቦልት አይነቃነቅምና። በስንጥቅ ውስጥ የተሰካ ነት ግን የሚይዘው ወደ ታች ሲጎተት ብቻ ነው፤ ገመዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አጭሩ ስሊንግ ነቱን ወደ ላይና ወደ ጎን ይነቀንቀዋል። በፈረንሳይ ከሻሞኒ ከተማ በላይ በኤግዊ ሩዥ ተራሮች ጎን ከአንድ ወዳጄ ጋር ስወጣ፣ እርሱ በአጫጭር የስፖርት ክዊክድሮዎች እየመራ ከእኔ ሃያ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ፣ በራሱ እጅ አጥብቆ የሰካው ነት ከነክዊክድሮው በገመዱ ተንሸራትቶ ደረቴ ላይ አረፈ። ወዳጄ አላየም፤ ከበታቹ መያዣ እንዳለው አምኖ መውጣቱን ቀጥሏል።

ሁለተኛው ጉዳት ሰበቃ ነው። መያዣዎቹ ግራና ቀኝ ሲበታተኑ ገመዱ በየካራቢነሩ እየታጠፈ ይሄዳል፣ መሪውም ገመድ ለመሳብ ይታገላል፤ ቢወድቅ ደግሞ የሚለጠጠው የገመዱ የላይኛ ክፍል ብቻ ስለሚሆን መያዣው ላይ የሚያርፈው ኃይል ይጨምራል። መፍትሔው 60 ሴንቲሜትር ስሊንግ ያለው የአልፓይን ክዊክድሮው ነው። ሦስት እጥፍ ተደርጎ ሲሰቀል አጭር ነው፤ መርዘም ሲያስፈልግ ከአንዱ ካራቢነር ከሦስቱ ዙሮች ሁለቱን አውጥቶ መሳብ በቂ ነው። በትግራይ የገረዓልታን የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች ለመውጣት ለሚያስብ ሰው ይህ በእጥፍ ይሠራል፦ ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ የሚነቃነቅ ካም ስንጥቁን ይፈጨዋል፣ በገመዱ የተጣበቀው አሸዋም አሉሚኒየሙን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

«ላስቲኩ ካራቢነሩን በቦታው ስለሚያቆይ ሁሉም ላይ ይግባ»

ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ካራቢነሩ እንዳይዞር ስሊንጉ ጫፍ ላይ የሚገባው ይህ ላስቲክ የተሠራው ጫፉ ጠባብ ሆኖ ለተሰፋ የስፖርት ስሊንግ ነው። ክፍት በሆነ 60 ሴንቲሜትር ስሊንግ ላይ ሲገባ፣ ስሊንጉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ አንዱ ዙር በካራቢነሩ በር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ካራቢነሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ሲንጠለጠል ግን ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፣ የአንድ ሰው እጅ ጎትቶ ቢሞክረውም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳይ ኦርፒዬር የ12 ዓመቱ ጣሊያናዊ ታዳጊ ቲቶ ትራቨርሳ ወድቆ ሕይወቱ ያለፈው፣ ክዊክድሮዎቹ በስሕተት ተገጣጥመው ካራቢነሮቹ በስሊንጉ ሳይሆን በላስቲኩ ብቻ ተይዘው ስለነበር ነው። የተሰበረ ካራቢነር አልነበረም። በአልፓይን ክዊክድሮው ላይ ላስቲክ አይገባም፤ በስፖርቱም ቢሆን ሌላ ሰው የገጣጠመውን ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ ስሊንጉ ካራቢነሩ ውስጥ ማለፉን በዓይን ሳያዩ መውጣት አይገባም።

«ለአልፓይን ከሁሉም የቀለለው ይሻላል»

በገበያ ላይ 20 ግራም የማይሞላ ካራቢነር አለ፤ ሙሉ መጠን ያለው ቀላል ካራቢነር ደግሞ 30 ግራም ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ክዊክድሮ 24 ካራቢነር ነው፤ ትርፉ ሩብ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። በምትኩ ወፍራም ጓንት ያደረገ እጅ የትንሿን በር መክፈት ይሳነዋል፣ ገመዱም ጠጥሮ ሲበርድ በጠባቧ ቀዳዳ አልገባም ይላል። ከመግዛት በፊት ጓንቱን ይዞ ሱቅ መምጣት ነው። እስካሁን ይህን ያደረገ ደንበኛ በጣት ይቆጠራል፤ ጓንቱን አድርጎ ከሞከረ በኋላ ግን ትንሿን የገዛ አላየሁም።

ቀሪዎቹ ብዙ አያከራክሩም። የወደቀ ካራቢነር ውስጡ በማይታይ ስንጥቅ ይሞላል የሚባለው፣ ወድቀው የተነሱ ካራቢነሮች በማሽን እየተጎተቱ ሲፈተኑ አልተረጋገጠም፤ የተጣመመ፣ በጥልቀት የተጫረ ወይም በሩ በትክክል የማይዘጋ ከሆነ ግን ይጣል። በሁሉም ቦታ የሚቆለፍ ካራቢነር መጠቀም ክብደትና ድካም ብቻ ነው፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው ገመድ በሚያዝበትና ራስን በማሰሪያ በሚያስሩበት ቦታ ነው። የካራቢነሩ ቀለም ስለ ጥንካሬው አይናገርም፤ ነገር ግን የቦልቱና የገመዱ ወገን በቀለም ይለይ፣ ቦልት ያቆሰለው ጠርዝ ገመድን ይልጣልና።

ስሊንግ ከሚሠራባቸው ክሮች ዳይኒማ ከናይለን ይበልጣል የሚሉም አሉ። ሁለቱም የተሰፉ ስሊንጎች 22 ኪሎኒውተን እንዲይዙ ይጠየቃሉ። ዳይኒማ ቀጭን ነው፣ ውኃም አይመጥም፤ ስለዚህ ለክዊክድሮው ተስማሚ ነው። ነገር ግን አይለጠጥም፣ የሚቀልጠውም በ145 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ናይለን ከ200 በላይ ይችላል። በመሆኑም በዳይኒማ ስሊንግ ብቻ ራስን አስሮ፣ ከማሰሪያው በላይ ወጥቶ ስሊንጉ ላላ ብሎ ሳለ መውደቅ አደገኛ ነው፤ ግርፋቱን የሚያለዝብ ገመድ በመካከል የለምና።

ትራድና አልፓይን መውጣት ለሚጀምር ሰው የምመክረው፣ ስምንት ያህል ባለ 60 ሴንቲሜትር ክዊክድሮ፣ ሁለት ባለ 120 ሴንቲሜትር ስሊንግ፣ ጥቂት አጭር ክዊክድሮ፣ ሁሉም በሽቦ በር ነው። ካራቢነሩ ካልተጎዳ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ስሊንጉ ግን ባይነካም አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ አይፈቅዱለትም፣ ፀሐይ የመታውና የሻከረው ደግሞ ከዚያ በፊት ይቀየር።