የአንድ ሞዴል ትናንሽ መኪኖች ውድድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በምዕራብ አውሮፓ ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ትንሽ የቤት መኪና የሚነዳባቸው ውድድሮች ተስፋፍተው ነበር። በፈረንሳይ ሬኖ 5፣ በጀርመን ፎልክስዋገን ሲሮኮ እና ጎልፍ፣ በጣሊያን ደግሞ በራሊ (በመንገድ ላይ በሰዓት በሚለካ) ውድድር አውቶቢያንኪ ኤ112 አባርዝ ለዚህ ተመርጠዋል። ስለእነዚህ ውድድሮች የሚነገሩ አንዳንድ አስተያየቶች ግን የነጂዎቹንም ሆነ የመካኒኮቹን ሥራ ዋጋ የሚያሳጡ ናቸው።

«ጉልበታቸው አነስተኛ ስለሆነ ማንም ሊነዳቸው ይችላል»

ሬኖ 5 ቲኤስ ከፋብሪካ ሲወጣ 1289 ሲሲ ሞተር እና 64 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። አስቸጋሪነቱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ብርቱ ሞተር ያለው መኪና በኩርባ ላይ ያጣውን ፍጥነት ነዳጅ በመስጠት ቶሎ ይመልሳል፤ በትንሽ ሞተር ግን ፍሬን ጥቂት ቀድሞ የያዘ ወይም መሪውን ከሚገባው በላይ ያዞረ ነጂ የስህተቱን ዋጋ እስከ ቀጣዩ ቀጥተኛ መንገድ መጨረሻ ድረስ ይከፍላል። ከዚህም በላይ የፊት ጎማዎቹ መኪናውን ይጎትታሉ፣ አቅጣጫ ያስይዛሉ፣ አብዛኛውን ክብደትም ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ያለ ልክ የሚያስጨንቃቸው ሰው ውድድሩ ሳያልቅ ጎማዎቹን ይጨርሳል። በኩርባ መካከል እግሩን በድንገት ከነዳጅ መስጫው ላይ ካነሣ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላው ክፍል ቀልሎ ሊዞርበት ይችላል። ከፊት ያለው መኪና አየሩን ስለሚሰነጥቅለት ተከታዩ በቀጥተኛው መንገድ ላይ ይጠጋዋል፤ በዚህም ምክንያት ከፊት ያለው ነጂ በቀላሉ ማምለጥ አይችልም፣ መቼ መቅደም እንደሚገባ ማወቅም ራሱን የቻለ ጥበብ ይሆናል።

«መኪኖቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የመካኒክ ድርሻ የለም»

ደንቡ ሞተርን ማሻሻል ቢከለክልም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሞተሮች በሁሉም ነገር እኩል አይሆኑም፤ የፒስተን ክብደት፣ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ልክ እና የካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) አስተካከል ፋብሪካው በሚፈቅደው ገደብ ውስጥ ይለያያሉ። ታጋሽ መካኒክ በዚያ ጠባብ ገደብ ውስጥ የተሻለውን ይፈልጋል፤ የጎማ ነፋስንና የጎማዎችን አቀማመጥም ለየሜዳው ያስተካክላል። ሞተሮች የሚታሸጉትና አሸናፊዎች ከውድድር በኋላ የሚመረመሩትም ማንም ከዚህ ገደብ እንዳያልፍ ነው። መርማሪው መኪናውን በሚገባ ማወቅ አለበት፤ ለምሳሌ ሬኖ 5ን በሜትር የለካ ሰው ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በቀኝና በግራ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚለያይ ሲያይ መኪናው ተጋጭቶ የተጣመመ ይመስለው ይሆናል። ይህ ግን እንደ ስፕሪንግ የሚያገለግሉት የኋላ መጠምዘዣ ብረቶች ከግራ ወደ ቀኝ አንዱ ከሌላው ኋላ ስለተጋደሙ የመጣ የፋብሪካ አሠራር ነው።

«የነዳጅ ቀውሱ የወለደው ሐሳብ ነው»

የነዳጅ ቀውሱ፣ ማለትም የነዳጅ እጥረትና ውድነት፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ሲሆን ሬኖ 5 የቀረበው በ1972 መጀመሪያ ነበር፤ የሬኖ 8 ጎርዲኒ ዋንጫ የተባለው የአንድ ሞዴል ውድድር ደግሞ በ1966 ተጀምሯል። ሬኖ 8 ሞተሩ ከኋላ የሆነ ባለ 4 በር መኪና እንጂ እንደ ሬኖ 5 ሃችባክ (የኋላ መስኮቱ ከነበሩ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና) አልነበረም፤ የአንድ ሞዴል ውድድር መንገዱን የጠረገው ግን እርሱ ነው። ቀውሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ትናንሽ መኪኖችን ይበልጥ ተፈላጊ ማድረጉ ነው።

«ከማስታወቂያ ያለፈ ጥቅም አልነበረውም»

ኩባንያዎቹ መኪና ለመሸጥ መፈለጋቸው አያከራክርም። ሆኖም ብዙ ገንዘብ ያለው ተወዳዳሪ የተሻለ መኪና ገዝቶ መቅደም በማይችልበት ሜዳ፣ ችሎታ ያለው ወጣት ጎልቶ የመታየት ዕድል ያገኝ ነበር። በጎርዲኒ ዋንጫ የተወዳደረው ዣን ፒየር ዣቡዪ እ.ኤ.አ. በ1979 በዲጆን ሜዳ ለሬኖ የመጀመሪያውን የፎርሙላ 1 ድል አስገኝቷል፤ ድሉም ተርቦ ሞተር (በጭስ ግፊት ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ሞተር) በፎርሙላ 1 ያሸነፈበት የመጀመሪያው ነበር። በ1976 የፎልክስዋገን ጁኒየር ዋንጫን ያሸነፈው ማንፍሬድ ቪንክልሆክ በ1982 ፎርሙላ 1 ገብቷል። በ1977 የኤ112 አባርዝ ዋንጫ አሸናፊ የሆነው አቲሊዮ ቤቴጋም በኋላ በዓለም የራሊ ሻምፒዮና ለላንቺያ ቡድን ነድቷል።