የቡድሃ ትምህርት በዕለት ተዕለት ኑሮ

ቡድሂዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ከድኖ የተቀመጠ መነኩሴ ነው። በፓሊ ቋንቋ ከቆዩት ጥንታዊ ስብከቶች በርከት ያሉት ግን ለባለትዳሮችና ለነጋዴዎች የተሰጡ ናቸው፤ ጉዳያቸውም ገንዘብ፣ ንግግር፣ ንዴት ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚነሳው ከሁለቱ ቀስቶች ምሳሌ ነው። አካል ሲታመም የሚሰማው ስቃይ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ በላዩ የሚጨመረው ሐዘንና ማብሰልሰል ሁለተኛው። የመጀመሪያው ማንንም አይምርም፤ ልምምዱ ሁለተኛውን ለማስቀረት ነው። ሰው ሲዘልፈን፣ አፍ ከመክፈታችን በፊት ስሜቱ አካላችን ላይ የት እንዳረፈ እናያለን፦ መንጋጋ፣ ደረት ወይስ ሆድ? ቀጥሎ ደስ የሚል፣ የሚያስከፋ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ መሆኑን እንለያለን። ቢፈጅ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ነው። የሚመጣው ቃል ደግሞ በአምስት ጥያቄ ይፈተሻል፦ ጊዜው ነው? እውነት ነው? ለስላሳ ነው? ይጠቅማል? በበጎ ልብ የሚነገር ነው? ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው «እውነት ነው» ላይ ቆሞ ሌሎቹን አራቱን ሲዘል ነው።

ይህ ንቃት በችግር ሰዓት እንዲገኝ ቀድሞ መለማመድ ያሻል፤ የተለመደው መንገድ ትንፋሽ መቁጠር ነው። መነኩሴው ሊቅ ቡድሃጎሳ በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ ያዘጋጀው ቪሱዲማጋ የተባለ የልምምድ መመሪያ መጽሐፍ ቆጠራው ከ5 እንዳያንስ፣ ከ10 እንዳይበልጥ ያዛል። ሲያንስ ሐሳብ ጠባብ በረት ውስጥ እንደታጎረ ከብት ይቁነጠነጣል፤ ሲበልጥ ቀልብ ትንፋሹን ትቶ ቁጥሩን ይይዛል። ቁጥር የጠፋበት ሰው ራሱን ሳይወቅስ ከ1 ይጀምራል። ከመቀመጡ በፊት ግን አምስቱ ትእዛዛት አሉ፦ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ በሩካቤ አለመበደል፣ አለመዋሸት፣ ከሚያሰክር ነገር መራቅ። ቀን ሲዋሽ ውሎ ማታ ትንፋሹን ለሚቆጥር ሰው ውሸቱ ራሱ መጥቶ ያውከዋል።

አልለቅ ላለ ሐሳብ አምስት ዘዴዎች በተራ ይሞከራሉ። አናጢ ትልቁን ችንካር በትንሹ መትቶ እንደሚያወጣ፣ መጀመሪያ በበጎ ሐሳብ መተካት። ካልሆነ ጉዳቱን ማየት፣ ካልሆነ ፊት መንሳት። አራተኛው ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ቀስ እያለ፣ ቆሞ፣ ከዚያም እንደሚቀመጥ ሐሳቡን በደረጃ ማርገብ ነው። ጥርስ ነክሶ መታገል የመጨረሻው ነው፤ ከእሱ የሚጀምር ቶሎ ይደክማል።

ስለ ገንዘብ፣ ሲጋላ ለተባለ ወጣት የተሰጠው ምክር ገቢን አራት ቦታ ይከፍላል፦ አንዱ ለኑሮ፣ ሁለቱ ለሥራ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ለሥራ የተመደበው ግማሽ መሆኑ ምክሩ ለምናኔ እንዳልታሰበ ያሳያል። የጦር መሣሪያ፣ የሕያዋን ፍጡራን፣ የሥጋ፣ የአስካሪ ነገርና የመርዝ ንግድ ግን ለምእመን አይፈቀድም።

ለቂም ሜታ የሚባል የበጎ ምኞት ልምምድ አለ። ምኞቱ ከራስ ተነስቶ ወደሚያከብሩት ሰው፣ ወደ ወዳጅ፣ ወደማይወዱትም ወደማይጠሉትም ሰው ያልፋል፤ ጠላት መጨረሻ ነው። ከጠላት መጀመር ንዴቱን ይቀሰቅሳል፤ በተራውም ተደርሶ ንዴት ከተነሳ ወደ ቀደመው ሰው ተመልሶ ልብ እስኪለሰልስ መቆየት ይገባል። ሳይወዱ ሳይጠሉ በሰከነ ልብ ማየት፣ ማለትም እርጋታም፣ ራሱን መስሎ የሚያሳስት ነገር አለው፤ ቪሱዲማጋ ይህን «የቅርብ ጠላት» ሲል የሚጠራው ካለማወቅ የሚመጣ ግድ የለሽነትን ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከእርጋታ ስለማይለይ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።